አንቱ ብሎ መጠየቅ፦ የአንድ ሕክምና ታሪክ ከበርሊን እስከ አውሮራ

፩

በ2024 ኅዳር ወር፣ ከአዲስ አበባ በዋሽንግተን በኩል የሚመጡትን አክስቴን ለመቀበል በዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ቆሜ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ አየር ማረፊያ በ1995 ከተከፈተ ወዲህ፣ ለእኛ ለዴንቨርና ለአውሮራ ኢትዮጵያውያን የመንገደኛ መተላለፊያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ስንመጣ የወረድነው እዚያ ነው፤ ብዙዎቻችንም የመጀመሪያ ሥራችንን ያገኘነው እዚያው ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ሻንጣ የሚጭነው፣ ቡና የሚቀዳው፣ ወለል የሚያጸዳው፣ አረጋውያንን በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ወገናችን ነው። የበረዶ ተራሮችን እንዲመስል ተደርጎ በተሠራው ነጭ የድንኳን ጣሪያ ሥር አማርኛ ሳይሰማ የሚያልፍ ሰዓት ያለ አይመስለኝም።

አክስቴ ከብዙ ጥበቃ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ብቅ አሉ። ወንበሩን የሚገፉት በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ የሸፈኑ፣ የሥራ ልብስ የለበሱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። አክስቴ ገና ሳይስሙኝ ወደ ኋላ ዞረው፣ «ይህች ልጅ ባትኖር ኖሮ እዚያ ባቡር ውስጥ ጠፍቼ ቀርቼ ነበር። ተባረኪ፣ የኔ ልጅ!» አሉ። ሴትየዋ «አሜን» ብለው እጅ ነሱ። ከዚያም ቀና ብለው አዩኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዶክተር፣ እርስዎ አላወቁኝም፤ እኔ ግን አውቄዎታለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ታካሚዎ ነበርኩ» አሉኝ።

ሻንጣው እስኪመጣ ድረስ የነገሩኝን ታሪክ በፈቃዳቸው እዚህ አሰፍራለሁ፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ። ነገሩ የሆነው በ2008 ነው። እሳቸው ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ፣ ራሳቸውን ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሴት አድርገው የሚያውቁ፣ በዛሬው አጠራር ትራንስጀንደር ሴት የምንላቸው ሰው ናቸው። እኔ ወደምሠራበት አንድ ክሊኒክ እግራቸውን አሟቸው ሲመጡ በካርዳቸው ላይ የተጻፈው የወንድ ስም ነበር። እኔም አማርኛ ተናጋሪ በመሆኔ እየኮራሁ አስተርጓሚውን አሰናብቼ፣ ዓይኔን ከካርዱ ሳላነሣ፣ «እህ፣ ምን ሆነህ መጣህ?» አልኩ። እግራቸውን እንደሚያማቸው ነገሩኝ። «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አልኩ። «የለም» አሉ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከመሥራት የመጣ የጡንቻ ሕመም ነው ብዬ ማስታገሻ አዝዤ ሸኘኋቸው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በእግራቸው ደም ሥር ውስጥ የረጋው ደም ወደ ሳንባቸው ወጣ። በሌላ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ከሞት ተረፉ። ለካስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ የኤስትሮጂን እንክብል ሲውጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ኖሯል። የሚዋጥ ኤስትሮጂን፣ በተለይም አንዳንዱ ዓይነት፣ ደም የመርጋትን አደጋ እንደሚጨምር ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ይህን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን እግራቸውን በአልትራሳውንድ ባስመረመርኩ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው፤ ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ራሱ አሳፈረኝ።

«ዶክተር፣ ‹ምን ሆነህ› ሲሉኝ እኮ ጥያቄውን ሳይጨርሱ መልሱን ሰጥተውኝ ነበር» አሉኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ላይ ይጥላል። በዚያ ቀን ግን ያንን ሕመም የደበቅነው ሁለት ሆነን ነበር፤ ከሁለታችን የተማርኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የዚህን ሕክምና ታሪክ ስመረምር ቆይቻለሁ። ያገኘሁትም ይህ ነው፦ የትራንስጀንደር ሰዎች ሕክምና ታሪክ፣ ከቢላዋውና ከሆርሞኑ ታሪክ ይልቅ የጥያቄው ታሪክ ነው። ሐኪሙ በትክክል በጠየቀበት ዘመን ዕውቀት አደገ፤ መልሱን አስቀድሞ ይዞ በጠየቀበት ዘመን ግን መዝገቡ በውሸት ተሞላ።

፪

እኔ የሕክምና ትምህርቴን በ1987 ሌኒንግራድ ጀምሬ ሴንት ፒተርስበርግ ጨረስኩ። ከተማዋ በ1991 ስሟን ስትለውጥ ሁላችንም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲሱን ስም ለመድነው። በሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል ግን ስሙንና ጾታውን መለወጥ የሚፈልግ ሰው በአንዲት አንቀጽ፣ ከመዛባቶች ተርታ ተዘርዝሮ አለፈ። መምህራችን እንዲህ ያለ ሰው አነጋግረው ያውቁ እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅንም።

መጠየቅ የተጀመረው ግን ከዚያ በፊት ብዙ ቀደም ብሎ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ማግኑስ ሂርሽፌልድ በ1910 ባሳተሙት መጽሐፍ የ17 ሰዎችን የሕይወት ታሪክ፣ ከራሳቸው ከባለታሪኮቹ አንደበት እየሰሙ፣ አንድ በአንድ መዝግበዋል። በ1919 በበርሊን የጾታ ሳይንስ ተቋም ከፈቱ። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሰውነቱና ስለ ስሜቱ ከመቶ በላይ ጥያቄዎች ያሉበት መጠይቅ ይሰጠው ነበር፤ በራሱም ቃል ይሞላዋል። በ1933 ግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ ናዚ ተማሪዎች ተቋሙን ወርረው ዘረፉት። ከጥቂት ቀናት በኋላም ቤተ መጻሕፍቱ በአደባባይ ተቃጠለ። ሂርሽፌልድ በዚያን ጊዜ ከአገራቸው ውጭ ነበሩ፤ በ1935 በስደት ኒስ ውስጥ አረፉ። መጽሐፍ ሲቃጠል፣ ባለሙያ ሲሰደድ ምን እንደሚጠፋ ለኛ ለስደተኞች ማስረዳት አያስፈልግም። እዚያ የጠፋው ግን የደራሲዎች ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ታካሚዎች ስለራሳቸው የሰጡት ምስክርነትም አብሮ ጠፋ።

በ1952 ክርስቲን ጆርገንሰን የተባሉ አሜሪካዊት በዴንማርክ ያደረጉት ሕክምና በጋዜጦች የፊት ገጽ ወጣ። ሐኪማቸው ክርስቲያን ሃምቡርገር ከዚያ በኋላ ከልዩ ልዩ አገሮች የደረሷቸውን የ465 ሰዎች ደብዳቤዎች አጥንተው በ1953 አሳተሙ። እነዚህን ሰዎች ጻፉ ያላቸው ማንም አልነበረም። የሚሰማ ሐኪም አለ የሚል ወሬ ብቻ በቂ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሕክምናው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲደራጅ ጥያቄው መልኩን ለወጠ። «ምን ይሰማዎታል?» የሚለው ቀርቶ «ለሕክምናው ይገባሉ ወይስ አይገቡም?» ሆነ። የዚህ ዘመን ዋና ምስክር በመጽሐፍ አግነስ በሚል የውሸት ስም የሚታወቁት ወጣት ናቸው። በ1958፣ በ19 ዓመታቸው፣ በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መጥተው፣ ወንድ ተብለው ቢያድጉም ሰውነታቸው በጉርምስና ጊዜ በራሱ የሴት ቅርጽ እንደያዘ ተናገሩ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሮበርት ስቶለርና የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ሃሮልድ ጋርፊንክል ለረጅም ጊዜ መረመሯቸው፤ አመኗቸው፤ በ1959 ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። ከዓመታት በኋላ አግነስ እውነቱን ለስቶለር ነገሯቸው፦ ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ የእናታቸውን የኤስትሮጂን እንክብል ይወስዱ ነበር። ጋርፊንክል በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ይህንኑ ለመግለጽ ተገደዱ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ታካሚ ሐኪምን እንዴት እንዳታለለ ለማሳየት ነው። እኔ ከአየር ማረፊያው ቀን ወዲህ በሌላ ዓይን አነበዋለሁ። ወጣቷ እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ በሩ እንደሚዘጋባቸው ያውቁ ነበር። ስለዚህ በሩን የሚከፍተውን መልስ ሰጡ። ሃሪ ቤንጃሚን በ1966 ስለዚሁ ጉዳይ ታዋቂ መጽሐፋቸውን ካሳተሙ በኋላማ ታካሚው መጽሐፉን አስቀድሞ አንብቦ፣ ሐኪሙ ሊሰማ የሚፈልገውን ታሪክ አጥንቶ ይመጣ ጀመር። ሐኪሞቹም የታካሚዎቻቸው ታሪክ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ይደንቃቸው ነበር። ያስተጋባ የነበረው ግን የራሳቸው ድምፅ ነው።

በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ1966 የከፈተውን የዚህ ሕክምና ክፍል በ1979 ዘጋ። ለመዝጊያው ምክንያት ተደርጎ የተጠቀሰው በዚያው ዓመት የወጣ የጆን ማየርና የዶና ሪተር ጥናት ነው። ጥናቱ ለታካሚዎች ነጥብ የሰጠው በሥራቸው ደረጃ፣ በፖሊስ መያዝ አለመያዛቸው፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩና የሥነ አእምሮ ሐኪም ዘንድ መመላለስ አለመመላለሳቸው እየታየ ነበር። ቀዶ ሕክምናው በማኅበራዊ ኑሮ ረገድ ተጨባጭ ጥቅም አላሳየም ተባለ። በዚያው ዓረፍተ ነገር ቅጥያ ላይ ግን ሕክምናውን ላገኙት ሰዎች ለራሳቸው እርካታ እንደሰጣቸው ተጠቅሷል። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ ታካሚው «ተሽሎኛል» ሲል የሐኪሙ ሚዛን ያንን ከቁም ነገር ካልቆጠረው፣ ሚዛኑ የሚመዝነው ምንድን ነው? ሆስፒታሉ ይህን ሕክምና እንደገና ለመስጠት እስከ 2017 ድረስ ቆይቷል።

፫

ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ሲዘጉ፣ ታካሚዎቹ የተሰበሰቡት ከዚህ ከእኛ ግዛት በአንዲት ትንሽ የከሰል ማዕድን ከተማ ነው። ትሪኒዳድ ከዴንቨር በስተደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በኒው ሜክሲኮ ጠረፍ አጠገብ ትገኛለች። በ1914 የከሰል ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው የተጨፈጨፉባት ላድሎው ከዚያ ብዙ አትርቅም። በአንድ የእረፍት ቀኔ መኪናዬን ነድቼ ሄጄ ነበር። የጡብ ጎዳናዎቿን፣ ከላይዋ የተንጠለጠለውን ጠፍጣፋ ተራራ፣ ሆስፒታሏንም አየሁ። ይህች ከተማ በዓለም ስሟ እንዲነሣ ያደረገ ነገር ከአንድ ጥያቄ ተነሣ ቢባል የሚያምን ያለ አይመስልም።

ዶክተር ስታንሊ ባይበር በኮሪያ ጦርነት የጦር ሜዳ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም የነበሩ ናቸው። በ1950ዎቹ በማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ክሊኒክ ለመሥራት ወደ ትሪኒዳድ መጥተው እዚያው ቀሩ። ከብት ያረባሉ፤ ሐሞት ያወጣሉ፤ ያዋልዳሉ። በ1969 አብረዋቸው የሚሠሩ አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ ቀዶ ሕክምና ያደርጉላቸው እንደሆነ ጠየቋቸው። ባይበር ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ባለሙያዋ ራሳቸው ትራንስጀንደር መሆናቸውን ገለጡላቸው። ለብዙ ጊዜ የሚያውቋቸው፣ በሥራቸው የሚያከብሯቸው ሰው ነበሩ። ባይበር ሥራውን እንደማያውቁት አልደበቁም። ከጆንስ ሆፕኪንስ በእጅ የተሣለ ንድፍ አስልከው አጠኑ፤ ከዚያም ቀዶ ሕክምናውን አደረጉ።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው። ሆስፒታሉን ያስተዳድሩ የነበሩት የካቶሊክ መነኮሳይት ስለነበሩ፣ ባይበር የመጀመሪያዎቹን ታካሚዎች መዝገብ በአስተዳዳሪው ካዝና ውስጥ ቆልፈው አስቀመጡት። ሂርሽፌልድ የሰበሰቡት ተቃጠለ፤ አግነስ የነገሩት የተሸፋፈነ ነበር፤ የባይበር ደግሞ በካዝና ተቆለፈ። እኔ ያኔ አልሰማሁም እንጂ በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረትም ቪክቶርስ ካልንበርዝስ የተባሉ ቀዶ ሐኪም ሪጋ ውስጥ ተመሳሳይ ሕክምና አድርገው ከመንግሥት ተግሣጽ ደርሶባቸዋል። በሁለቱ ተፋላሚ ዓለሞች፣ በአንድ ዘመን፣ ዕውቀቱ የተደበቀው ከአለቃ ፊት ነበር።

ባይበር ግን በካዝናው አልቆዩም። ለመነኮሳይቱ ነገሩን ገለጹላቸው፤ የከተማዋን ቀሳውስትና ፓስተሮች ሰብስበው አስረዷቸው፤ ጥያቄያቸውንም መለሱላቸው። ከተማዋ ለመደቻቸው። በ2003፣ በ80 ዓመታቸው፣ የሙያ ኢንሹራንሳቸው ዋጋ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ሥራቸውን አቆሙ። ያከሟቸው ሰዎች ቁጥር በሺዎች የሚቆጠር ነበር። በ2006 አረፉ። የተኳቸው ዶክተር ማርሲ ባወርስ ራሳቸው ትራንስጀንደር ሴት ሲሆኑ፣ በ2010 ወደ ካሊፎርኒያ እስኪዛወሩ ድረስ በትሪኒዳድ ሠርተዋል። በዚህ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ጠያቂውና ተጠያቂው በአንድ ሰው ተገናኙ ማለት ነው።

፬

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዕሩ ከሐኪሙ እጅ ወደ ታካሚው እጅ የተሸጋገረበት ነው። ሎው ሱሊቫን የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ ነዋሪ ሴት ተብለው ተወልደው ወንድ ሆነው የኖሩና ወንዶችን የሚያፈቅሩ ሰው ነበሩ። የዘመኑ ክሊኒኮች እንዲህ ያለ ሰው ሊኖር አይችልም ብለው መለሷቸው። ሱሊቫን ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ሐኪሞችን በደብዳቤና በፊት ለፊት ሞገቱ፤ መሰሎቻቸውን አሰባሰቡ። በ1991 በኤድስ ሲሞቱ፣ «የለም» የተባለው ዓይነት ሰው መኖሩን ሙያው አምኖ መቀበል ጀምሮ ነበር።

የጆርጂያው ሮበርት ኢድስ ዕጣ ግን መራራ ነው። ሴት ተብለው ተወልደው ወንድ ሆነው የኖሩ ሰው ሲሆኑ፣ የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ያዛቸው። ብዙ ሐኪሞች፣ ሌሎች ታካሚዎቻችን ያፍራሉ በማለት ጭምር፣ ሊያክሟቸው ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀሩ። በ1999 ሞቱ። የመጨረሻ ዓመታቸው በፊልም ተቀርጾ በ2001 ለሕዝብ ቀረበ።

የአንድ ሰው ታሪክ ልብ ይነካል፤ መመሪያ የሚያስለውጠው ግን ብዛት ነው። ትራንስጀንደር ሰዎች ራሳቸው ያዘጋጁት ሰፊ የአሜሪካ መጠይቅ በ2011 ውጤቱ ሲወጣ 6,450 ሰዎች መልሰውት ነበር። ከእነዚህ 19 በመቶው ሕክምና ተከልክለዋል፤ 50 በመቶው ሐኪማቸውን ስለራሳቸው ሕክምና ራሳቸው ማስተማር ግድ ሆኖባቸዋል። በ2015 የመላሾቹ ቁጥር 27,715 ደረሰ፤ 23 በመቶው ያለፈውን ዓመት ሐኪም ሲያስፈልጋቸው መንገላታትን ፈርተው ቀርተዋል። በ2022 ደግሞ 92,329 ሰዎች መለሱ፤ በፍርሃት ሐኪም ዘንድ ሳይሄዱ የቀሩት አሁንም 24 በመቶ ነበሩ። ወደ ሐኪም ከሄዱት መካከልም ግማሽ ያህሉ፣ 48 በመቶው፣ ቢያንስ አንድ ክፉ ገጠመኝ ነበራቸው። እነዚህ ሰዎች በፈቃዳቸው የመለሱ እንጂ በዕጣ የተመረጡ አይደሉም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከነገደቡ ማንበብ ይገባል። ነገር ግን ዘጠና ሺህ ሰው ሲናገር «ማንም አልነገረኝም» የሚል ሐኪም ምክንያት አይኖረውም።

ሙያውም በዝግታ ሰማ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 «የጾታ ማንነት መዛባት» የሚለውን መጠሪያ ትቶ፣ የሚታከመው ማንነቱ ሳይሆን ከእሱ ጋር ሊመጣ የሚችለው ጭንቀት መሆኑን የሚያሳይ ስም ሰጠው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች መዘርዝር ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። በእኛው አውሮራ፣ ቀድሞ ፊትዝሲመንስ የሚባለው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል በነበረበት ቦታ ላይ በተሠራው የአንሹትስ የሕክምና ካምፓስ፣ ሆርሞኑን፣ የአእምሮ ጤናውንና ቀዶ ሕክምናውን በአንድነት የያዘ የትራንስጀንደር አዋቂዎች አገልግሎት አለ። ያ ቦታ ታካሚዬ ወንበር ከሚገፉበት አየር ማረፊያ በመኪና ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

፭

ለመሆኑ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው እንጂ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖራል። በስብሰባም በለቅሶ ቤትም ሰምቼዋለሁ። መልሴ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ በአገራችንም የጠየቀ ሰው ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ ዶናልድ ዶንሃም በ1970ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ በማሌ ሕዝብ መካከል ተቀምጠው ሲያጠኑ፣ አሽቲሜ ስለሚባሉ ሰዎች መዝግበዋል። አሽቲሜ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ ነበሩ። በቀድሞው ዘመን በማሌው ንጉሥ፣ በካቲው፣ ግቢ ውስጥ በሥርዓት የታወቀ ስፍራ ነበራቸው። ዶንሃም ከእነዚህ አንዱን አግኝተው አነጋግረዋል። ነገሩን ዛሬ ከምንለው ጋር አንድ ነው አልልም፤ የማሌ ሰው በማሌ ዓለም ውስጥ ነው የሚገባው። ነገር ግን «ባገራችን ተሰምቶ አይታወቅም» የሚለውን አባባል ከእንግዲህ ደፍሮ መናገር አይቻልም። አማርኛችንም ቢሆን ወንዳገረድ የሚለውን ቃል ይዞ ኖሯል፤ ቃሉ ለስድብ ዋለ እንጂ ሰውየው አልጠፋም።

ሁለተኛው መልሴ ከሕግ ይነሣል። በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በወንጀል ይደነግጋል። ሕጉ ስለ ጾታ ማንነት በስም ባያነሣም፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው ዝምታን ከልጅነቱ ተምሮ እንደሚመጣ ግልጽ ነው። እዚህ ደርሶ ሲታመም የሚያገኘው ደግሞ እኛን ነው፤ እኛም አማርኛችንን ይዘን እንጠብቀዋለን።

አማርኛ ደግሞ በዚህ ነገር ጨካኝ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪም ታካሚውን ፊት ለፊት ሲያነጋግር ጾታ የሚለይ ቃል ሳያስፈልገው ይውላል። እኛ ግን «መጣህ» ወይም «መጣሽ» ሳንል አንድ ግሥ ማሰር አንችልም። በአማርኛ የሚደረግ የአሥር ደቂቃ ምርመራ ውስጥ ታካሚው ወንድ ነህ ወይም ሴት ነሽ ተብሎ ስንት ጊዜ እንደሚፈረድበት ይቁጠሩት።

ነገር ግን ይኸው ቋንቋ ሁለት በሮች ትቶልናል። አንደኛው፣ ሰው ስለራሱ ሲናገር ግሡ ጾታ የለውም። «መጣሁ፣ ታመምኩ፣ ፈራሁ» ወንዱም ሴቷም እኩል ይላሉ። ጾታ የሚመጣው ሌላ ሰው ሲናገረን ወይም ስለእኛ ሲናገር ነው። ሁለተኛው በር አክብሮት ነው። «አንቱ»፣ «እርስዎ»፣ «እሳቸው» ወንድና ሴት አይለዩም። አባቶቻችን ይህን ያበጁት ስለ ትራንስጀንደር ሕክምና አስበው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሆኖም በ2008 «ምን ሆነው መጡ?» ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ሳላውቀው ትክክለኛውን ጥያቄ በጠየቅኩ ነበር። አንቱ የተባልኩ ሐኪም ሆኜ አንቱ ማለት አቃተኝ።

፮

ከዚያ ወዲህ በምርመራ ክፍሌ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ ትራንስጀንደር ታካሚዎች ያሉኝን በማስታወሻ እይዛለሁ። ጥናት አልለውም፤ ሰው አዳምጦ መጻፍ ብቻ ነው። የሚነግሩኝ እኔ የምጠብቀውን አይደለም። ስለ ቀዶ ሕክምና ከማንሣታቸው በፊት ስለ መጠበቂያው ክፍል ያነሣሉ፦ ነርሷ በካርድ ላይ ያለውን ስም ጮክ ብላ ስትጠራ፣ ሌላ አማርኛ ተናጋሪ ሰው እዚያ ተቀምጦ ቢሆንስ? ስለ አስተርጓሚው ያነሣሉ፦ እዚህ ሁላችንም እንተዋወቃለን፤ ዛሬ ያስተረጎመልኝ ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አገኘዋለሁ። አንዳንዶቹ በሌላ ግዛት የሚገኝ የስልክ አስተርጓሚ ይሻላቸዋል። እንዲህ ያለውን ነገር በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ አላነበብኩም፤ ሊነበብም አይችልም። በመጠየቅ ብቻ ይገኛል።

እኔም ሦስት ነገሮችን ለወጥኩ። ማንኛውንም አዋቂ ታካሚ «እርስዎ» እላለሁ። «በምን ስም ልጥራዎት?» ብዬ እጀምራለሁ። ስለ መድኃኒት ስጠይቅም፣ «በሐኪም ትእዛዝም ይሁን ያለ ትእዛዝ የሚወስዱት፣ ሆርሞንም ቢሆን፣ ካለ ይንገሩኝ፤ የምጠይቀው ለደኅንነትዎ ነው» እላለሁ። ይህ ጥያቄ የስፖርት እንክብል የሚውጠውንም፣ ከአገር ቤት መድኃኒት የሚያስመጣውንም ሰው እውነቱን አናግሮልኛል።

ይህን ስጽፍ ጉዳዩ በዚህ አገር የፖለቲካ ጦር ሜዳ መሆኑን አልዘነጋም። ኮሎራዶ ከ2023 ጀምሮ ይህን ሕክምና የጤና ኢንሹራንስ ሊሸፍናቸው ከሚገቡ መሠረታዊ አገልግሎቶች ውስጥ በግልጽ በማስገባት የመጀመሪያዋ ግዛት ሆናለች። በ2025 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ከ2026 ጀምሮ ከእነዚያ አገልግሎቶች እንዳይቆጠር ደንብ አወጣ፤ የኮሎራዶ ምክር ቤት በበኩሉ ሽፋኑን በሕግ አጸና። ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ሕክምና በሐኪሞችም መካከል ብርቱ ክርክር አለ። በ2024 በእንግሊዝ የወጣው የካስ ሪፖርት ማስረጃው ደካማ ነው ሲል፣ ሌሎች ሐኪሞች ድምዳሜውን ተቃውመዋል። እኔ የአዋቂዎች ሐኪም ነኝ፤ በዚያ ላይ ፍርድ አልሰጥም። አንድ ነገር ግን እላለሁ፦ ማስረጃው ደካማ ነው የሚለውም ሆነ በቂ ነው የሚለው ወገን፣ ታካሚው ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደሚል ሳይጠይቅ እውነቱን ሊያገኝ አይችልም። የተደሰተውም፣ የተጸጸተውም፣ ዝም ያለውም መጠየቅ አለበት። መዝገቡ ሲቃጠልና በካዝና ሲቆለፍ የሚጎዳው አንድ ወገን ብቻ አይደለም።

ሻንጣው መጣ። ከመለያየታችን በፊት ታካሚዬን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም፣ «ይቅርታውስ ይሁን፤ ግን አሁን ለሚመጡት ምን ብለው ይጠይቃሉ?» አሉኝ። ከላይ የጻፍኳቸውን ሦስቱን ነገሮች ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «‹በምን ስም ልጥራዎት› የሚለውን በሩ ተዘግቶ ይጠይቁ» ብለው አረሙኝ። በማስታወሻዬ ላይ አራተኛ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

አክስቴ ይህን ሁሉ አልሰሙም። መኪናው ውስጥ ሲገቡ ከቦርሳቸው ድፎ ዳቦ አወጡ፤ ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጠ ዳቦ ነው። ግማሹን ቆርሰው በመስኮት አቀበሏቸው። «እንቺ ልጄ፣ ቆመሽ ነው የዋልሽው» አሉ። እኔ በ2008 ያንኑ አይቼ ነበር፤ ቆመው መዋላቸውን። አክስቴ ግን ካርድ አልያዙም፤ ያዩት ፊታቸውን ነበር።